ስለ «መስኮት»፣ ስለ «መዳረሻ»ና ስለ «ክተት»፦ በአንድ የመረጃ ቋት መመሪያ አማርኛ ላይ የቀረበ ሒስ

በቅርቡ አንድ የአማርኛ መመሪያ እጃችን ገብቶ በጥሞና አንብበነዋል። አዘጋጁ መሥሪያ ቤት ማን እንደሆነ ለምንነጋገርበት ጉዳይ ስለማያስፈልግ ስሙን አንጠቅሰውም። የመመሪያው ዓላማ፣ ሠራተኞች በየጠረጴዛቸው ባለው ኮምፒዩተር የኢንተርኔት አሳሽ ከፍተው፣ በአሳሹ ገጽ ውስጥ በሚታይ ተርሚናል አማካይነት ለመረጃ ቋት ትእዛዝ መስጠት እንዲችሉ ማስተማር ነው፤ በመጨረሻው ምዕራፍም ይኸንኑ ተርሚናል መሥሪያ ቤቱ ለራሱ ባሠራው ገጽ ውስጥ እንዴት ማስቀመጥ እንደሚቻል ያስረዳል። የተመረጠው የመረጃ ቋት ፖስትግሬስኪውኤል፣ ማስተዳደሪያውም ፒጂአድሚን የተባለው ነው። በዚህ የሙያ መስክ ዐረፍተ ነገርን በአማርኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ መጨረስ ልማድ በሆነበት ጊዜ፣ አዘጋጆቹ ከዳር እስከ ዳር በአማርኛ ለመጻፍ መድፈራቸው ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን መመሪያ እንደ ልብ ወለድ ድርሰት ተነቦ የሚቀመጥ ጽሑፍ አይደለም፤ አንባቢው ቃሉን አምኖ እጁን ያነሣል፣ ቁልፍ ይጫናል። ቃሉ ካሳተው የሚጠፋው የንባብ ጣዕም ሳይሆን በብዙ ድካም የተሰበሰበ መዝገብ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ መረዳት ይገባል፤ ነገሩን ሳይረዱ ቃሉን መተቸት አይቻልምና። ተርሚናል የሚለው ቃል ከመነሻው «ጫፍ» ወይም «ዳርቻ» ማለት ነው። ኮምፒዩተር አንድ ሙሉ ክፍል ይይዝ በነበረበት ዘመን፣ ሰዎች ከእርሱ ጋር የሚነጋገሩት በሽቦ ጫፍ ላይ በተተከለ የጽሕፈት መኪና መሰል መሣሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ቴሌታይፕ ሞዴል 33 የተመታውን ሁሉ በወረቀት ላይ ያትም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ያወጣው ቪቲ100 ደግሞ ወረቀቱን በመስተዋት ተክቶ 24 መስመሮችን፣ በየመስመሩም 80 ፊደላትን ያሳይ ነበር። ዛሬ በአሳሽ ገጽ ውስጥ የምናየው ጥቁር ሠሌዳ ያ መሣሪያ አይደለም፤ የእርሱ አምሳያ ነው። በፒጂአድሚን ውስጥ ይኸን አምሳያ የሚሠራው ኤክስተርም ጄኤስ የተባለ የፕሮግራም ስብስብ ሲሆን፣ ከቪቲ100 ቤተሰብ የተወረሱትን ስውር ምልክቶች ዛሬም ይታዘዛል።

ይኸ እንዲሆን የድረ ገጽ አነጋገር መለወጥ ነበረበት። የተለመደው አነጋገር እንደ ደብዳቤ ነው፤ ጠያቂው ይጽፋል፣ መላሹ ይመልሳል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ተርሚናል ግን ከሁለቱ ወገን አንዱ እስኪዘጋው ድረስ እንደ ስልክ ክፍት ሆኖ የሚቆይ መስመር ይፈልጋል። ይኸም መስመር ዌብሶኬት በተባለውና እ.ኤ.አ. በ2011 ደረጃ በወጣለት ሥርዓት ተገኘ።

እንግዲህ ሠራተኛው አንድ ትእዛዝ ሲጽፍ ሦስት አካላት በመካከል አሉ። የመጀመሪያው ፊደሉን የሚያሳየው ሠሌዳ ነው፤ ይህ የተመታውን ያስተላልፋል፣ የመጣለትን ያሳያል እንጂ ከዚያ ያለፈ ዕውቀት የለውም። ሁለተኛው ፒኤስኪውኤል የተባለው ተቀባይ ፕሮግራም ነው፤ ትእዛዙ እስኪሟላ ይጠብቃል፣ አንዳንዱን ራሱ ይፈጽማል፣ ሌላውን ያሳልፋል። ሦስተኛው መዝገቡን የያዘው አገልጋይ ነው። መመሪያው ሦስቱንም በአንድ ስም «ሲስተሙ» ይላቸዋል። «ሲስተሙ ካልመለሰ»፣ «ሲስተሙ ከከለከለ»፣ «ሲስተሙ ስሕተት ካሳየ» የሚሉ ሐረጎች በየገጹ ይገኛሉ። በባንክ መስኮት ፊት ተሰልፎ «ሲስተም የለም» ተብሎ የተመለሰ ሰው ሁሉ ይህ ቃል ስንት ነገር እንደሚሸሽግ ያውቃል። ማን እምቢ እንዳለው ያላወቀ ሠራተኛ ማንን መጠየቅ እንዳለበትም አያውቅም። ሠሌዳ፣ ተቀባይ፣ አገልጋይ የሚሉ ሦስት ተራ ቃላት መመሪያውን በእጅጉ ባቀኑት ነበር።

ከዚህ የሚከብደው ግን «መስኮት» ነው። መመሪያው በርእሶቹ «ተርሚናል» እያለ፣ በሐተታው «የትእዛዝ መስኮት» ወይም በአጭሩ «ጥቁሩ መስኮት» ይላል። ቃሉ የተመረጠው በዐይን ብቻ ነው፤ ነገሩ አራት ማዕዘን ነው፣ ጥቁር ነው፣ በገጹ መካከል ይታያል። በአማርኛ ግን በመስኮት ሰው ያያል፣ ይታያል፣ ብርሃንና አየር ያገኛል፤ የሚገባው በበር ነው፤ በመስኮት የሚገባ ቢኖር ሌባ ነው። ስለዚህ «ለሠራተኛው መስኮቱን ክፈቱለት» ተብሎ የተጻፈለት የክፍል ኀላፊ የተጠየቀው መዝገቡን እንዲያሳየው ብቻ እንደሆነ ቢቆጥር አይፈረድበትም። የሚሰጠው ግን ከማየት እጅግ የበለጠ ነው። በዚህ ሠሌዳ የተቀመጠ ሰው፣ የተሰጠው ፈቃድ እስከሚደርስበት ድረስ፣ ሰንጠረዥ ይፈጥራል፣ ይለውጣል፣ ያጠፋል። ይኸም ብቻ አይደለም። ፒኤስኪውኤል ወደ ኋላ ካዘነበለ መስመር ቀጥሎ ቃለ አጋኖ ሲጻፍለት የመረጃ ቋቱን ትቶ፣ ራሱ ላረፈበት ማሽን ማናቸውንም ትእዛዝ ያስተላልፋል። ያ ማሽን ደግሞ ሠራተኛው ፊቱ ያለው ኮምፒዩተር ሳይሆን ፒጂአድሚን የተተከለበት ነው። ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ፒጂአድሚን ሲገባ፣ ፕሮግራሙ ለብዙ ተጠቃሚዎች በጋራ በሚተከልበት ጊዜ መሣሪያው አስቀድሞ እንዲዘጋ ሠሪዎቹ የወሰኑት ስለዚሁ ነው፤ የሚከፈተው አስተዳዳሪው አውቆ ሲከፍተው ብቻ ነው። መመሪያው አከፋፈቱን በሁለት መስመር ጨርሶ አልፏል። ስለ አደጋው የሚናገር አንድም ቃል የለበትም፤ ለምን ይኖረዋል? መስኮት ማንን ጎድቶ ያውቃል?

በእኛ በኩል ለዚህ ነገር የምናቀርበው ስም «ማዘዣ» የሚለውን ነው። ቃሉ አዲስ አይደለም። የሐኪም ማዘዣ አለ፣ የፍርድ ቤት ማዘዣ አለ፣ በጦር ሠራዊት ዘንድ ማዘዣ ጣቢያ አለ። በሁሉም ዘንድ ማዘዣ የያዘ ሰው የሚፈጸም ቃል የያዘ ሰው ነው። «ለሠራተኛው የመረጃ ቋት ማዘዣ ስጡት» ሲባል ኀላፊው ቆም ብሎ ያስባል፤ ማሰቡም ተገቢ ነው። ተርሚናል የሚለው የውሰት ቃል ለቀድሞው መሣሪያና ለአምሳያው እንዲቆይ አንቃወምም፤ የመሣሪያው ታሪክ ሲጻፍ የግድ ያስፈልጋል። «ማዘዣ በመድኀኒት ቤት ከሚታወቀው ጋር ይደባለቃል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ቁልፍ የሚለው ቃል ለበርም፣ ለልብስም፣ ለጽሕፈት መኪናም ሲያገለግል ማንም ሲደናገር አልታየምና ይህን ተቃውሞ ከባድ አድርገን አናየውም።

«መዳረሻ» ወደሚለው እንለፍ። ይህ ቃል የመመሪያው አዘጋጆች ፈጠራ አይደለም፤ ዛሬ በየስልኩና በየኮምፒዩተሩ የአማርኛ ገጽ ላይ «ካሜራውን የመጠቀም ፈቃድ» ለማለት «የካሜራ መዳረሻ» ተብሎ ስለሚጻፍ፣ ከዚያ የተወሰደ ነው። አመጣጡን ለመረዳት አይቸግርም። አንዱን ነገር «ለመድረስ» መቻልን የሚገልጽ ስም ተፈለገ፤ ከደረሰ «መዳረሻ» ወጣ፤ ቃሉ ግን አስቀድሞ ሌላ ቤት ነበረው። የጉዞ መዳረሻ አለ፣ የክረምት መዳረሻ አለ፤ በቦታም ሆነ በጊዜ መዳረሻ የሚደረስበት ወይም ሊደረስበት የተቃረበ ነገር ነው እንጂ የመድረስ መብት አይደለም። መመሪያው «የውሂብ ጎታ መዳረሻ ተርሚናል» ሲል የጻፈውን ሐረግ ከኮምፒዩተር ውጭ ላለ አንባቢ ብንሰጠው፣ ጎታ የሚራገፍበትን የአውቶቡስ መናኸሪያ ቢያስብ አይደንቀንም። መድረሻ በመድረሻ ላይ ተደርቧልና።

ለዚህ አንድ አቻ ቃል መፈለግ ራሱ ስሕተት ይመስለናል። በፖስትግሬስኪውኤል አንድ ሰው ወደ ቋቱ መግባት ተፈቅዶለት አንዱን ሰንጠረዥ ማንበብ ሊከለከል ይችላል፤ ማንበብ ተፈቅዶለትም መለወጥ ሊከለከል ይችላል። እንግሊዝኛው ሁሉንም በአንድ ቃል ጠቅልሎ ቢይዝ፣ አማርኛው «የመግባት ፈቃድ»፣ «የማንበብ ፈቃድ»፣ «የመለወጥ ፈቃድ» ብሎ ሲለያይ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለነገሩ የቀረበ ይሆናል። ፈቃዱን የሚያዘው ክፍልም አማርኛ የሚጎድለው አይደለም፤ ፈቃድ ይሰጣል፣ ፈቃድ ይነሣል። መስጠትና መንሣት ከእነዚያ ሁለት የእንግሊዝኛ ትእዛዛት ጋር ልክ በልክ የሚገጥሙ ጥንድ ግሦች ሆነው ሳለ፣ መመሪያው «መዳረሻን ማንቃት» እና «መዳረሻን ማቦዘን» ማለቱ አሳዝኖናል።

አሁን ከቃላት ጣዕም አልፈን ጉዳት ወደሚያደርሰው እንመጣለን። መመሪያው በሦስተኛው ምዕራፍ «እያንዳንዱን ትእዛዝ በድርብ ሰረዝ ይጨርሱ» ይላል። ትእዛዝ የሚያበቃበት የላቲኑ ምልክት ከላይ ነጥብ፣ ከታች ሰረዝ ያለው ነው፤ ተርጓሚው በአገባብ ተመሳሳይ የሆነውን የእኛን ምልክት ስም ሰጠው። በሰዋስው መጽሐፍ ቢሆን ትክክል ነበር። በማዘዣ ፊት ግን ሠራተኛው የሰንጠረዡን ስም በአማርኛ ጽፎ፣ የፊደል ገበታውን ሳይለውጥ፣ መመሪያው እንዳዘዘው ድርብ ሰረዝ «፤» ይመታል። ምን ይሆናል? ምንም አይሆንም። ፒኤስኪውኤል ይህን ምልክት የትእዛዝ ማብቂያ አድርጎ አያውቀውም፤ ቀሪውን እየጠበቀ ዝም ይላል። መመሪያው ደግሞ ለዝምታው «ሲስተሙ ካልመለሰ ጥቂት ይታገሡ» የሚል ምክር አዘጋጅቷል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ሠራተኛው ታግሦ ሲሰለቸው፣ ወይም ዐዋቂ ጎረቤቱ ሲነግረው፣ በሚቀጥለው መስመር የላቲኑን ምልክት ይመታል። ትእዛዙ አሁን ያልፋል። ይሁን እንጂ ፖስትግሬስኪውኤል ከላቲን ውጭ ያሉትን ፊደላት ሁሉ የስም አካል አድርጎ ስለሚቀበል፣ ድርብ ሰረዙንም ከፊደሎቻችን ለይቶ አያየውም፤ ከሰንጠረዡ ስም መጨረሻ ላይ ተጣብቆ የስሙ አንድ ክፍል ይሆናል። «ቃላት» የተባለው ሰንጠረዥ «ቃላት፤» በሚል ስም ይፈለጋል፣ በዚህ ስም የተመዘገበ ስለሌለም አገልጋዩ የእንግሊዝኛ መልእክት ይመልሳል። የመልእክቱ ሐሳብ «በዚህ ስም የተመዘገበ ሰንጠረዥ የለም» ማለት ነው። ነገር ግን በመልእክቱ ውስጥ ሰንጠረዡ የተጠራው በተለመደው ስሙ ሳይሆን ከሒሳብ ትምህርት በተወሰደውና ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ለመረጃ ቋት መሠረት ባደረገው ቃል ነው። ያ ቃል በተራ እንግሊዝኛ ዝምድናን ወይም ግንኙነትን ያመለክታል። መመሪያው በመጨረሻ ባያያዘው የስሕተት መልእክቶች ሰንጠረዥ ውስጥ ይህን መልእክት ብንፈልገው እንዲህ ተተርጉሞ አገኘነው፦ «ግንኙነቱ የለም»።

አንባብያን ከዚህ በኋላ የሚሆነውን መገመት አያቅታቸውም። ሠራተኛው በመመሪያው መሠረት የኔትወርክ ባለሙያውን ይጠራል፤ ባለሙያው ገመዱን ይነቅላል፣ ይሰካል፣ መስመሩ ደኅና መሆኑን ያረጋግጣል፤ ሠራተኛው እንደገና ይጽፋል፣ እንደገናም «ግንኙነቱ የለም»። ሁለት ቃላት፣ አንዱ ከሰዋስው መጽሐፍ ሌላው ከተራ መዝገበ ቃላት በታማኝነት የተወሰዱ፣ ተረዳድተው አንድን ሰው ፈጽሞ ወደማይገባ ስፍራ መሩት። እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ቢመረመር ስሕተት የለበትም። ይህን ምሳሌ ያረዘምነው የቃላት ሠንጠረዥ አዘጋጅተው ለተርጓሚዎች የሚያድሉ ክፍሎች ሁሉ እንዲያዩት ብለን ነው፤ ቃል በሠንጠረዥ ላይ እንደ ተኛ አይፈተንምና። ለመፍትሔው፣ በንድፈ ሐሳብ ጽሑፍ ያን የሒሳብ ቃል «ዝምድና» ማለት ይቻላል፤ በስሕተት መልእክት ግን «ሰንጠረዥ» ከማለት በቀር ሌላ መንገድ የለም። ለማብቂያው ምልክት ደግሞ «ነጥብ-ሰረዝ» የሚል የተለየ ስም ሰጥቶ፣ ምልክቱን ራሱን በጉልህ ማተምና «የአማርኛውን ድርብ ሰረዝ አይደለም» ብሎ መጨመር ይገባል። ለነጠላ ሰረዛችንም ያው ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል።

በማዘዣው መስመር መጀመሪያ ላይ ስለሚታዩት ምልክቶችም አንድ ቃል እንበል። ተጠቃሚው ተራ ሰው ሲሆን መስመሩ በመብለጥ ምልክት ያበቃል፤ የበላይ አስተዳዳሪ ሲሆን ግን ስልክ የሚጠቀም ሁሉ «መሰላል» እያለ በሚጠራው ምልክት ያበቃል። ገና ያልጸደቀ ሥራ በእጁ ካለ ደግሞ ከዚያ በፊት ኮከብ ይታያል። ኮከብና መሰላል ለማንኛውም ስልክ ያለው ሰው የታወቁ ስሞች ናቸው። መመሪያው ምስሎቹን ሲያትም እነዚህን ምልክቶች ቆርጦ ጥሏቸዋል፤ ለጌጥ የተቀመጡ መስለውት ሳይሆን አይቀርም። መሰላል ላይ የቆመ ሰው መሰላል ላይ መቆሙን እንዲያውቅ ካልተደረገ፣ ቀጥሎ ያለው የማስጠንቀቂያ ምዕራፍ ከንቱ ነው።

ኮከቡ ካነሣን ዘንድ «ግብይት» የተባለውን ልንዘለው አንችልም። በአንድነት ሊፈጸሙ ወይም በአንድነት ሊቀሩ የሚገባቸው ትእዛዛት ስብስብ በእንግሊዝኛ ከንግድ የተወሰደ ስም አለው፤ መመሪያውም «ግብይት» ብሎታል፤ ማብቂያውን «ግብይቱን ፈጽም»፣ መተዉን «ግብይቱን መልስ» ይላል። የመዝገበ ቃላት ጥቅስ ሲያስገባ የዋለ ሠራተኛ ምን ገዝቶ ምን ሸጠ? የመሥሪያ ቤት አማርኛ ለዚህ የታወቀ አነጋገር አለው፤ ጉዳይ ይጸድቃል፣ ጉዳይ ይሻራል። «ማጽደቅ»ና «መሻር» ብንል ትርጉሙ ወዲያውኑ ይገባል፤ ያልጸደቀ ነገር ሕግ እንዳልሆነ ማንም ያውቃልና። ስብስቡን ራሱን ምን እንበለው ለሚለው «ጉዳይ» በጣም ሰፊ እንደሆነብን እንመሰክራለን፤ የተሻለ የሚያቀርብልን ካለ በደስታ እንቀበላለን። አስቸኳዩ ግን ማጽደቅ የሚለው ነው፤ ሠራተኛው አሳሹ ላይ ያለችውን ትር ሲዘጋ ያ የስልክ መስመር ይቋረጣል፣ ያልጸደቀውም ሥራ ሁሉ ይሻራል። መመሪያው «ሲጨርሱ ትሩን ይዝጉ» ይላል። በደብዳቤ ዘመን ልማድ ቢሆን ምንም አልነበረም።

ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ስንሻገር «ክተት» የሚለው ርእስ ይጠብቀናል። አንድን ገጽ በሌላ ገጽ ውስጥ ማሳየትን ለመግለጽ ነው። ክተት ሲባል ግን ኢትዮጵያዊ ጆሮ የሚሰማው ነጋሪት ነው፤ «ተርሚናሉን ክተት» የሚለው ርእስ ጦርነት የታወጀ ያስመስላል። ይህ ቀልድ ነውና እንለፈው። አዘጋጆቹ በሐተታው ውስጥ ደግሞ «ማካተት» ይላሉ፤ ይህ የባሰ አሳሳች ነው። የተካተተ ነገር የአካታቹ ክፍል ይሆናል። አንቀጽ በሕግ ውስጥ ይካተታል፣ ስም በዝርዝር ውስጥ ይካተታል፤ ከዚያ በኋላ የሕጉ ነው፣ የዝርዝሩ ነው። እዚህ ላይ የሚሆነው ግን ይኸ አይደለም። የማዘዣው ገጽ ከራሱ አገልጋይ ይመጣል፣ የራሱን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ የራሱን ሕግ ያከብራል፤ በሌላው ገጽ ውስጥ የተሰጠው አንድ ክፍል ብቻ ነው።

ለዚህ አማርኛ የተዘጋጀ ቃል ያለው ይመስለናል። በሌላ ሰው ቤት ክፍል ተጋርቶ የሚኖር ሰው ደባል ይባላል። ደባል የቤተ ሰቡ አባል አይደለም፤ የራሱ ሣጥን፣ የራሱ ቁልፍ አለው። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይገባም፤ እርሱም ባይፈልግ አይገባም። በድረ ገጽም ነገሩ ይኸው ነው። ተቀባዩ ገጽ ቦታ ቢያዘጋጅም፣ ደባሉ ገጽ «በሌላ ቤት አልታይም» ብሎ እምቢ ማለት ይችላል። ፒጂአድሚን ከመነሻው እንዲህ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ከራሱ ምንጭ ካልመጣ ገጽ ጋር አይዳበልም። ይህ ሥርዓት የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ክፉ ሰው በላይ የሌላ ነገር ቁልፍ አስመስሎ፣ በስውር የተቀመጠውን ደባል ገጽ እንዲጫኑ ሰዎችን ማታለል ስለሚችል ነው። መመሪያው ተርሚናሉ በገጹ ውስጥ ባዶ ሆኖ ቢታይ ይኸን ክልከላ አንሥቶ ማለፍን ይመክራል፤ ለምን እንደተከለከለ አይነግርም። በ«ማካተት» ዐይን ሲታይ ክልከላው ትርጉም የለሽ እንቅፋት ነው፤ የራስን አካል ማን ይከለክላል? በ«ማዳበል» ዐይን ሲታይ ግን ማንኛውም ቤት አከራይ የሚጠይቀው ጥያቄ ወዲያውኑ ይነሣል፦ ማን ከማን ጋር? በማን ፈቃድ? ስለዚህ «ማዳበል»፣ «ደባል ገጽ»፣ «ተቀባይ ገጽ» የሚሉትን እናቀርባለን። «ተቀባይ» ከዚህ በላይ ለፒኤስኪውኤል ስለተጠቀምንበት እዚህ «አከራይ ገጽ» ቢባል የሚሻል እንደሆነ ውይይት ያስፈልገዋል።

ስለ «ውሂብ ጎታ»ም ሳንናገር ማለፉ ይከብደናል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ «የመረጃ ቋት» ማለታችንን አንባብያን አስተውለው ይሆናል። «ውሂብ» ከግእዙ ወሀበ የወጣ ሲሆን፣ የላቲኑን ቃል ፍች «የተሰጠ» የሚለውን ለመከተል የተደረገ ጥረት መሆኑ ግልጽ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ቅርጹ ግን ያጠራጥራል። በግእዝ ሰዋስው «የተሰጠ» ለማለት የሚያገለግለው ቅጽል «ውሁብ» ነው፤ «ውሂብ» ንኡስ አንቀጽ ሆኖ መስጠትን ያመለክታል። የተማረውን ሰው «ምሁር» እንላለን እንጂ «ምሂር» አንልም። «ርሒብ»ን የመሰሉ ቅጽሎች አሉና ቃሉ በዚያ መንገድ ሊተረጎም ይችላል የሚል ክርክር ቢነሣ አንደነቅም፤ ሆኖም ርሒብ ከማይሻገር ግሥ የወጣ ነው። ቃሉ በብዙ ገጾች ላይ ሥር ሰዷልና ይነቀል አንልም። ጎታና ቋትን በተመለከተ ግን ሁለቱም ከእህል ቤት የመጡ ስለሆኑ ምርጫው የጣዕም ነው፤ የወፍጮው ቋት በትንሹ ስለሚሞላና በየዕለቱ ስለሚከፈት ለእኛ ይቀርበናል።

መመሪያው በአንድ ነገር ከብዙዎቹ ይበልጣል፤ የሰንጠረዦችንና የዐምዶችን ስም በአማርኛ እንዲሰየሙ ያበረታታል፣ የትእዛዝ ቋንቋውን ቃላት ግን ሳይነካ እንዳሉ ትቷቸዋል። ትክክለኛው መንገድ ይኸ ነው። ሆኖም ፖስትግሬስኪውኤል ለአንድ ስም የሚፈቅደው 63 ባይት ሲሆን፣ እያንዳንዱ የኢትዮጵያ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ስሙ ከ21 ፊደላት በላይ ከሄደ ከመጨረሻው ይቆረጣል። መመሪያው በምሳሌነት ካቀረባቸው ስሞች ሁለቱ ከዚህ ልክ ያልፋሉ፤ በመጨረሻቸው ብቻ የሚለያዩ ስለሆኑም ሲቆረጡ አንድ ዐይነት ይሆናሉ። ሁለተኛው ሰንጠረዥ ሲፈጠር «በዚህ ስም ሌላ አለ» የሚል መልስ ይመጣል፤ መመሪያው ይኸንንም «ግንኙነቱ አስቀድሞ አለ» ብሎ ተርጉሞታል። ሁለተኛው እትም ሲዘጋጅ ከሁሉ አስቀድሞ የስሕተት መልእክቶቹ ሰንጠረዥና የድርብ ሰረዙ መስመር ቢታረሙ፣ ሌላው ሁሉ እስከሚቀጥለው እትም ሊጠብቅ ይችላል።